የሴሚ ካፖርትና አሥራ ሰባት ማሊያ

ጡረታ የወጣሁት ኬክ ሳይቆረስልኝ ነው። በካዚኖ ሥራ ወጉ እንዲያ ነበር፤ ሰው ሲሰናበት በሠራተኞች ካፍቴሪያ ኬክ ይቆረሳል፣ አለቃው ሁለት ሦስት ቃል ይናገራል፣ ፎቶ ይነሣል። የእኔ ተራ ሲደርስ ግን ኮሮና ነበር። አንዲት የቢሮ ልጅ ደወለችና የዩኒፎርም ክፍላችን ሥራ ለውጭ ድርጅት መሰጠቱን ነገረችኝ፤ ወረቀቱ በኢሜይል መጣ፤ ልጄ ሄርሜላ ስልኳ ላይ ከፍታ ሰጠችኝና በጣቴ ፈረምኩ። ዕድሜ ልኳን መርፌ ይዛ የኖረች ጣት የመጨረሻ ሥራዋ መስታወት ላይ መሞነጫጨር ሆነ። ተናደድኩ። አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

"እማ፣ ሪላክስ አድርጊ። ሪታየርድ ነሽ እኮ፣ ኢንጆይ አድርጊው" አለችኝ ሄርሜላ። እዚሁ ላስቬጋስ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ሁሉ ነገር ኢንጆይ የሚደረግ ይመስላታል። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ በእጄ ካለፈው ስፍር ቁጥር የሌለው ልብስ ውስጥ ልቤ ላይ የቀረው አንድ ካፖርት ነው። የምጽፈው ስለ እሱ ካፖርትና ስለ ለበሰው ሰው ነው። እግረ መንገዴን ሌላውንም አነሣለሁ።

ስፌት የተማርኩት አዲስ አበባ፣ አጎቴ ሱቅ ውስጥ ነው። የወንድ ሱሪ እስከ መስፋት ደርሼ ነበር። እዚህ ስመጣ ግን ስፌት አውቃለሁ ብል ማን ይስማኝ። መጀመሪያ የገባሁት ሰሜን ላስቬጋስ፣ የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ፋብሪካ ነው። ሙቀቱ ከማሽኑ በኩል አንዴ፣ ከውጭ በኩል አንዴ ይመጣብሻል። ከዚያ ዳውንታውን ያለ አንድ አሮጌ ሆቴል ዩኒፎርም ክፍል ቦታ ተገኘልኝ። የተሰጠኝ ሥራ ኪስ መድፈን ነበር። ካርድ የሚያድሉት ዲለሮች፣ የቁማር ቺፕ እንዳይገባበት ተብሎ ኪሳቸው ይሰፋል። አጎቴ ኪስ ቀጥ አድርጌ እንድሰፋ ስንቴ እንዳላስለቀሰኝ፣ አሜሪካ መጥቼ የሰው ኪስ እየደፈንኩ ልጅ አሳደግሁ።

ትልቁ ካዚኖ የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ የሥራ ዘመኔ ያለቀውም እዚያው ነው። ክፍላችን ምድር ቤት ነበር፤ የቀን ብርሃን አያውቀውም። ሠራተኛው ሺፍቱ ሊገባ ሲል መቀበያው ጋ መጥቶ ቁጥሩን ይናገራል፣ እኛ ልብሱን ከተሰቀለበት እናወርድለታለን። የተቀደደውን እንሰፋለን፣ የጠበበውን እናሰፋለን። ደሞዙ ክፉ አልነበረም፣ ዩኒየንም ነበረን። ስለ ደሞዝ ይኸው ይበቃል።

የክፍሉ ዋና ሰፊ ሉርደስ ትባላለች፤ ፊሊፒናዊት ናት። በእኛ ደንብ አንቱ የምትባል ሴት ነበረች፤ እንግሊዝኛው ግን አላገዘኝምና አንቺ ስላት ኖርኩ። እሷ ዘንድ ያየሁትን ሌላ ቦታ አላየሁም። ልብስ ሲመጣላት መጀመሪያ ትገለብጠዋለች። ሰው ያበላሸውን የሚደብቀው ከገበሩ ሥር ነው ትላለች። ማንንም ቀጥ ብሎ እንደቆመ አትለካም። አስተናጋጇን ትሪ ታሸክማታለች፣ አልጋ የምታነጥፈውን አጎንብሺ ትላታለች፣ ሜትሯን የምትዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው። ደግሞ አንድም ቀን ሰውን ወፍራም ስትል አልሰማሁም። "ለዚህ ሰው ጨርቁ አንሶታል" ነው የምትለው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን "ለምን?" ማለቷ ነበር። መቀስ ከማንሣቷ በፊት ሳትጠይቅ አትቀርም። አንድ ቀን አንዲት መጠጥ የምታድል ልጅ ቀሚሷን ይዛ መጣችና "ወገቡን ትንሽ አስፉልኝ" አለች። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ሉርደስ ግን ቀሚሱን አስቀምጣ "ለምን?" አለቻት። ልጅቷ አለቀሰች። ለካ እርጉዝ ናት፤ ከታወቀ ከቁማር አዳራሹ ያነሡኛል ብላ ፈርታለች። ሉርደስ በሁለቱ ጎኖች ከውስጥ ላስቲክ ሰወረችበት፤ ሆዷ ሲገፋ ቀሚሱም አብሮ እየሰፋ ሰነበተ። ልጅቷ እስከ ቻለችው ድረስ ሠራች። "ባልጠይቃት ኖሮ በየሳምንቱ ስትመላለስ ይነቃባት ነበር" አለችኝ ሉርደስ። ይህን ነገር ተምሬዋለሁ ብዬ ነበር። አለመማሬን በኋላ ታያላችሁ።

አሁን ስለ ሴሚ። ሴሚ የሆቴላችን ዋና በር ላይ የሚቆም ዶርማን ነው፤ እንግዳ ሲመጣ በር ይከፍታል፣ ታክሲ ይጠራል። አገሩ ቶንጋ ናት፣ ፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል ያለች የደሴቶች አገር። በካዚኖ ሥራ ሁላችንም ደረታችን ላይ ስማችንና የመጣንበት ቦታ ይለጠፋል፤ የእኔ "ጸዳለ፣ አዲስ አበባ"፣ የእሱ "ሴሚ፣ ቶንጋ" ይላል። የአባት ስም የሚባል ነገር የለም። የወጥ ቤትና የጥገና ሠራተኞች ሸሚዝ ላይም ስም የምሰፋው እኔ ነበርኩ፤ እዚያም የራስ ስም ብቻ ነው። ለእኔ ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም። እኛስ ሰውን በስሙ አይደል የምንጠራው።

ሴሚ ወደ ክፍላችን የገባ ቀን ኮርኒሱ ዝቅ ያለ መሰለኝ። ክረምቱ መጥቷል፣ በሩ ጋ ነፋሱ አይቻልም፣ ለዶርማኖች ከተሰፋው ካፖርት ግን አንዱም ትከሻው ላይ አይገባም። አለቃችን ሁለት ካፖርት ቀጥሉለት አለ። ሉርደስ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነችና ወደ እኔ ዞራ "አንቺ አዲስ ትሰፊለታለሽ" አለች። ሙሉ ካፖርት ሰፍቼ አላውቅም ነበር።

እንዳሳየችኝ አደረግሁ። ዕቃ ቤቱ በር ጋ ወስጄ "በር ክፈት" አልኩት። ሳቀና ከፈተ። "እንደገና።" ከፈተ። "ለትልቅ ሰው እንደምትከፍት አድርገህ።" ያን ጊዜ ሳቁን ተወና ቀኝ እጁን ዘርግቶ፣ ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ፣ በትንሹ ጎንበስ ብሎ ከፈተልኝ። ማንም ሰው እንደዚያ በር ከፍቶልኝ አያውቅም። ሜትሬን ከብብቱ እስከ ጀርባው መሐል የዘረጋሁት ያን ጊዜ ነው። ጀርባው ላይ ሲዘረጋ የሚከፈት፣ ሲቆም የሚዘጋ እጥፋት አደረግሁለት። ቀለሙ ወይን ጠጅ፣ ገበሩ ጥቁር። ሉርደስ ገለበጠችው፣ ከውስጥ ብዙ አየችው፣ ምንም ሳትል መለሰችልኝ። ከእሷ ዘንድ ከዚህ የበለጠ ሙገሳ የለም።

ከዚያ ወዲህ ሴሚ ቁልፍ ላላ፣ ገበር ተተረተረ እያለ በብሬኩ ይመጣል። ዋናው ምክንያቱ ግን ወሬ ነበር፤ ወሬውም ራግቢ ሊግ። ሰንራይዝ ማነር፣ እኔም ከምኖርበት ሰፈር ያለ መናፈሻ ሜዳ ላይ ክለብ አቋቁሟል። ልጆቹ የቶንጋ፣ የሳሞአ፣ የሜክሲኮ ልጆች ናቸው፤ ቀን አልጋ ሲያነጥፉና ሻንጣ ሲሸከሙ ውለው ማታ ይለማመዳሉ። አሥራ ሦስት በአሥራ ሦስት ሆነው፣ እንቁላል የመሰለች ኳስ ይዘው የሚጋፉበት ጨዋታ ነው። ኳሷን በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ነው። ስድስት ጊዜ ተይዘው ከወደቁ፣ ታክል ይሉታል፣ ለባላጋራ ያስረክባሉ።

"ወደ ኋላ እያቀበላችሁ እንዴት ነው ወደ ፊት የምትሄዱት?" አልኩት።

"ማማ፣ ጨዋታው እሱ ነዋ!"

የሁልጊዜ ጥያቄው አንድ ነበር፤ አንድን ክለብ ትልቅ የሚያሰኘው ምንድን ነው? በአውስትራሊያና በእንግሊዝ ሰሜን መቶ ዓመት ያለፋቸው ክለቦች አሉ፤ በልጅነቱ አንዱን ሲደግፍ አድጓል። በመጣ ቁጥር መልሱ ይለወጣል። አንድ ቀን ዋንጫ ነው ይላል። ሌላ ቀን፣ ዋንጫማ ሳያገኙ የቆዩ ትልልቆች አሉ፣ ሕዝብ ነው ይላል። አንድ ጊዜ ደግሞ እየሳቀ መጣና "አሁን ገባኝ፤ ትልቅ ክለብ ማለት ሲሸነፍ ሌላው ሁሉ ደስ የሚለው ነው" አለ።

"እንደዚያ ከሆነ የእኛ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ትልቅ ክለብ ናቸው" አልኩት።

ሳቁ ኮሪደሩን ሞላው። "የእኔ ክለብ ትልቅ ሲሆን ማሊያውን የምትሰፊው አንቺ ነሽ" ይለኝ ነበር። እኔም እሺ እለዋለሁ። የክለቡ ማሊያ ያን ጊዜ ከልብስ መሸጫ የተገዛ፣ ቁጥሩ የተላላጠ ካናቴራ ነበር።

ሆቴሉ ቀለም ሲቀይር አሮጌው ዩኒፎርም ሁሉ እንዲወገድ ታዘዘ። የሴሚን ካፖርት ለአለቃችን አሳየሁት። ተመለከተውና "ይህ ለማን ይሆናል? ወስዶ ይልበሰው" አለ። ካፖርቱ ከባለቤቱ ጋር ቤቱ ገባ። ሉርደስም ጡረታ ወጥታ አሊያንቴ የሚባል ሰፈር፣ ልጇ ቤት ሄደች። ለእሷ ኬክ ተቆርሶላታል፤ እኔው ነኝ የቆረስኩት።

ከዚያ ሁለት ሺህ ሃያ መጣ። ካዚኖዎች ሲዘጉ አይቼ አላውቅም ነበር፤ የበር ቁልፍ የሌላቸው ይመስለኝ ነበር። ሲከፈቱ ሴሚን ጠሩት፣ እኔን አልጠሩኝም። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ሰው የለም፤ ደጃፉ ላይ የብርቱካን ከረጢት አለ። ቀና ስል ሴሚ ማስክ አድርጎ፣ ወይን ጠጅ ካፖርቱን ለብሶ፣ ደረጃው ሥር ቆሟል። ሊጠጋኝ አልፈለገም፤ በሩ ላይ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው፣ አላስይዝሽ አለኝ። እኔ ከላይ፣ እሱ ከታች ሆነን አወራን።

"ክለቡስ?" አልኩት።

"ለጊዜው ጨዋታ የለም። ግን ማማ፣ መልሱን አገኘሁት። ትልቅ ክለብ ማለት እኔ በሞትኩ ማግስት ልምምድ የማይቀርበት ነው።"

"ደግሞ ሞት ምን አመጣው? ሂድ ወደዚያ!" አልኩት።

እጁን አውለብልቦልኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ከገና በኋላ አንዲት የሥራ ባልደረባ ደውላ "ሴሚ አረፈ" አለችኝ። ሆስፒታል መግባቱንም አልሰማሁም። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ትሄጃለሽ፣ ትቀመጫለሽ፣ ባትናገሪም መቀመጥሽ ይበቃል። ያን ጊዜ መሄድም መቀመጥም አልተቻለም። ብርቱካኑን ከጎረቤት ተካፍዬ በልቻለሁ፤ ከረጢቱን ግን መጣል አቃተኝ።

ጡረታዬን በፈረምኩ ሰሞን፣ ጸደይ ሲገባ፣ የሴሚ ልጅ ሞሴ ሄርሜላ ጋ ደወለ። ሁለቱ አንድ ሃይስኩል ተምረዋል። ክለቡ ሊበተን መሆኑን ነገራት። ከጎረቤት ከተማ ከሄንደርሰን፣ ዋተር ስትሪት አካባቢ ያለ ክለብ ጎበዝ ጎበዞቹን ሊወስድ ጠይቋል፤ ሜዳ አለው፣ አውቶቡስ አለው፣ በየሱቁ ፎቶው ተለጥፏል። ሞሴንም ይፈልጉታል። ስለዚህ በመጪው ቅዳሜ ከእነሱው ጋር አንድ ጨዋታ ይጫወቱና በዚያው ይሰናበታሉ። ለዚያ ቀን ማሊያ ገዝተዋል፤ ጀርባው ላይ ስም የሚሰፋ ሰው ፈልገዋል። "አባቴ እናትሽ እንደምትሰፋ ይናገር ነበር" ብሏል።

እኔ ነኝ የምሰፋው፣ በነጻ፣ አልኩ። ለቅሶ ያልደረስኩበት ነገር ያንገበግበኝ ነበር።

ማሊያዎቹ መጡ፤ አሥራ ሰባት ናቸው፣ ተቀያሪዎቹን ጨምሮ። ስሞቹ በሄርሜላ ስልክ መጡ፤ እሷ ለሥራ እየተጣደፈች አነበበችልኝ።

"ፈርስት ኔም አለ፣ ከዚያ ላስት ኔም። ላስት ኔሙ ግን ሁሉም ሴም ነው፣ እማ። ማሃፉ፣ ማሃፉ፣ ማሃፉ። ከዚንስ፣ ዘመዳሞች ናቸው መሰለኝ።"

"ይሄ ካርሎስ የሚሉትም ማሃፉ ነው?"

"ሚክስድ ይሆናላ። እኔ እንጃ። ረፈደብኝ፣ ባይ!"

እኔም አሰብኩበት። ሁሉም ላይ አንድ ስም ከሰፋሁ ማን ከማን ይለያል? ደግሞስ ሰው በገዛ ስሙ እንጂ በአባቱ ስም ይጠራል እንዴ? ማሃፉ የሚባል ሰው ተባርኳል፣ ወልዷል፤ ልጆቹ ግን እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። ስለዚህ በገዛ ስማቸው ሰፋሁላቸው፤ ሞሴ፣ ሲዮኔ፣ ካርሎስ። ፊደሉን ከነጭ ጨርቅ ቆርጬ፣ ዳር ዳሩን በዚግዛግ ይዤ። ማሊያ የሚለጠጥ ጨርቅ ነው፤ ፊደሉን ካጠጋጋሽው ልጁ ሲሮጥ ጀርባው ይሰበሰባል፤ ስለዚህ በመሐሉ ክፍተት ተውኩ። ገልብጬ አየሁት፣ ከውስጥም ንጹሕ ነበር። ሉርደስ ብታየው ምንም አትልም ነበር ብዬ ኮራሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት ሜዳው ድረስ ወሰድኩላቸው። ልጆቹ አንቲ፣ አክስቴ እያሉ ከበቡኝ፣ አንዱ ቦርሳውን ተቀበለኝ፤ ሞሴ ሁሉን ቀድሞ የራሱን አወጣ። አባቱን በቁመት ነው የወሰደው፣ በስፋት አይደለም። ጀርባውን አየ። የሌላውን አወጣ፣ አየ።

"አንቲ፣ የአባቴ ስም የታለ?" አለኝ።

"የማን አባት?"

"የእኔ። ማሃፉ። ሴሚ ማሃፉ።"

ያን ሁሉ ዓመት አውቄዋለሁ፤ ካፖርት ሰፍቼለታለሁ፣ ብርቱካኑን በልቻለሁ፤ ሙሉ ስሙን አላውቅም ነበር። ሴሚ ነበር ለእኔ። ልጆቹ ለመጨረሻው ቀን ሁላቸውም የእሱን ስም ተሸክመው ሊጫወቱ ተስማምተዋል። እኔ ደግሞ የሞተውን ሰው ከአሥራ ሰባት ጀርባ ላይ ፍቄ፣ አሳመርኩላችሁ ብዬ መጣሁ። ሞሴ አልተቆጣም። "ኦኬ ነው አንቲ፣ ቆንጆ ነው" አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቦርሳውን ይዤ ተመለስኩና ሉርደስ ጋ ደወልኩ። እንደ ልጅ እያለቀስኩ ነገርኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"'ለምን?' ብለሽ ጠይቀሻል?"

"አልጠየቅሁም።"

"እንግዲያው አሁን ጠይቂ" አለችኝ።

በማግስቱ ሞሴን ቤቴ ጠራሁት። በረንዳው ላይ ወንበር አወጣሁለት። ያሉትን ስሞች ብተረትር የመርፌው ቀዳዳ እንደሚቀር፣ አዲስ ማሊያም ለቅዳሜ እንደማይደርስ ነገርኩት። ከዚያ ጠየቅሁት። "ለምንድን ነው የአባትህን ስም የፈለጋችሁት?"

"በሞተ ማግስት ልምምድ ሄድን" አለኝ። "ሆስፒታል አላስገቡንም ነበር፤ ቤት መሰብሰብም አይቻልም። የት እንሂድ? ሜዳ ሄድን። ተራርቀን ሮጥን። ማንም ሳይጠራው ሁሉም መጣ። ካርሎስ ከማንም በፊት ደርሶ ጠበቀን። ካርሎስ አባት የለውም አንቲ፤ እኛ ቤት ነው ያደገው ማለት ይቻላል። እኔ ልጁ ስለሆንኩ ስሙ አለኝ። እነሱ ግን ምንም የላቸውም። ለአንድ ቀን እንኳ ይኑራቸው ብዬ ነው።"

ይህን ሲለኝ ነገሩ ታየኝ። እንዲህ አልኩት። "በእኛ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል የለም። መጀመሪያ የራስህ ስም፣ ከዚያ የአባትህ ስም ነው። እኔ ጸዳለ ወርቁ ነኝ፤ ወርቁ አባቴ ነው። የራስህን ስም እንደሰፋሁት ትቼ ከሥሩ ማሃፉ ብዬ ብጨምር፣ እኛ ስናነበው ካርሎስ የማሃፉ ልጅ ማለት ነው።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

ተነሥቶ ወደ መኪናው ሄደ። ሲመለስ ካፖርቱን በሁለት እጁ ታቅፎታል። ከዚያ ክፉ ቀን ጀምሮ በመኪናው ይዞት ሲዞር ኖሯል። በልኬ ታሳንሺልኝ እንደሆነ ብዬ ነበር አለኝ። ለብሶ አሳየኝ፤ ውስጡ ጠፋ። ሳቅን፣ ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነብንና ሁለታችንም አለቀስን።

"ፊደሎቹን ከዚህ ቁረጫቸው" አለኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ልቤ እምቢ አለ። በሕይወቴ የሠራሁት ትልቁ ሥራ ነው። ይህን ጊዜ ግን መቀሴን ከማንሣቴ በፊት ጠየቅሁ። "ለምን? እናትህስ?"

"እናቴ ናት አንቺ ጋ ውሰደው ያለችኝ። ቁም ሳጥን ውስጥ ምን ይሠራል አንቲ? አባቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው አይደለም።"

ካፖርቱን ገለበጥኩት። የራሴን ስፌት፣ ስቆርጥ ያሰመርኩትን የሳሙና ምልክት እንኳ አንድ ቦታ ላይ ሳይለቅ አገኘሁት። መተርተር ጀመርኩ። ሱፍ ነውና ኋላ በእጥበት እንዳይኮማተር መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ ዘፈዘፍኩት፤ ሲደርቅ ከሥሩ በካውያ የሚጣበቅ ስስ ጨርቅ ለጠፍኩበት፤ ከዚያ ቆረጥኩ። ጀርባው፣ ያ እጥፋት የነበረበት፣ ብዙ ፊደል ሰጠኝ። ሄርሜላ ከሥራ ስትመጣ አጠገቤ ተቀምጣ ክር ትለቅም ነበር። "ሶሪ እማ፣ ቼክ ማድረግ ነበረብኝ" አለችኝ። "አንቺ ምን ታደርጊ፣ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ" አልኳት። የቀኝ እጅጌው፣ በር ሲገፋ የኖረው፣ ነጥቶና ሳስቶ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይጥለው ነበር። እኔ ከእሱ የወጣውን ፊደል ለሞሴ ማሊያ አደረግሁት። አልነገርኩትም፤ አሁን ሄርሜላ ስትተረጉምለት ይወቀው።

ቅዳሜ ጠዋት ነፋስ ነበር። የሄንደርሰኖቹ በአውቶቡሳቸው መጡ፤ ድንኳናቸው፣ ወንበራቸው፣ ቦርሳቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ እየመጡ ሞሴን "ስለ አባትህ አዝነናል" ይሉት ነበር። የእኛዎቹ ነጭ ስም ከላይ፣ ወይን ጠጅ ማሃፉ ከሥር ሆነው ሜዳ ገቡ። አንድ ሰው በድምፅ ማጉያ ጨዋታውን ያስተላልፋል። ኳሷን ማሃፉ ያዘ፣ ለማሃፉ አቀበለ፣ ማሃፉ ወደቀ፣ ማሃፉ ተነሣ ይላል። መጀመሪያ ሰው ሳቀ። እየቆየ ግን ሳቁ ቀረ፤ ከሄንደርሰን የመጡትም ጭምር ስሙን አብረው ይሉት ጀመር።

ተሸነፍን። ብዙ አይደለም፣ ግን ተሸነፍን። ሄርሜላ "እማ፣ ስድስተኛው ታክል ላይ ኳሱን ባይጥሉት ኖሮ" እያለች ታስረዳኛለች፤ እኔ ፊደሎቹ ይይዙ እንደሆነ ብቻ ነበር የማየው። ያዙ። የተቀደደው የካርሎስ ኮሌታና የሞሴ ብብት ነው። ሞሴ ላቡ እየተንጠባጠበ ሁለቱን ማሊያ ይዞልኝ መጣ።

"አንቲ፣ ትሰፊያቸዋለሽ? ለሚቀጥለው ቅዳሜ እንዲደርሱ።"

መልመዴ ነው፤ "ለምን?" አልኩት። "መጨረሻችን ነው አላላችሁም?"

ጓደኞቹን ዞሮ አየ። ሜዳው ላይ የወደቀ ፕላስቲክ እየለቀሙ ነው። "ሄንደርሰኖቹን አይሆንም አልኳቸው" አለኝ። "ስሙን ለአንድ ቀን ብለን ነበር፤ ማንም መመለስ አልፈለገም። ቅዳሜ ልምምድ አለ፤ ከዚያም ጨዋታ እንፈልጋለን።"

ማሊያዎቹን ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ሳጣጥፍ፣ ከሄንደርሰን የመጣች አንዲት ጠና ያለች ሴት ወንበሯን እየሰበሰበች ወደ እኔ ጠጋ አለች። ጨዋታውን ሙሉ ስታየኝ ነበር።

"ይቅርታ፣ ይህ ማሃፉ የሚባለው ሰው ስንት ልጆች ነው ያሉት?"

"ቁጠሪያቸው" አልኳት።

ቆጠረች። ራሷን ነቀነቀች። "ትልቅ ሰው መሆን አለበት። ምንድን ነበር ሥራው?"

"በር ይከፍት ነበር" አልኳት።